ዋርፋሪንና የጓሮ ጎመን

እኔ ናርዶስ ቶሎ የምበሽቅ ሰው ነኝ። በእንጅባራ ትንሽ ክሊኒክ ያለኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ የወይዘሮ ዘውድነሽን የደም ምርመራ ውጤት ሳይ እንደልማዴ በሸቅሁ። ከዘንገና አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ የልብ በራቸው ስለጠበበ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን ሲገባው አንድ ነጥብ አምስት ይላል። እንዲህ ዝቅ ብሎ ከቆየ ደም ረግቶ አንጎላቸውን ሊመታ ይችላል።

"መድኃኒቱን ዘለዋል አይደል?" አልኋቸው።

"ኧረ አንድ ቀንም አልዘለልሁ!"

እንግዲያው መጠኑን መጨመር ነው። እስክሪብቶ አንሥቼ ካርዳቸውን ስገልጥ ግን የአምናው ጽሕፈቴ አፈጠጠብኝ። አምናም ውጤቱ በሁዳዴ ወርዶ መድኃኒቱን እኔው ጨምሬ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደም እያስቀመጣቸው መጡና ለጥቂት ተረፉ። ካቻምናስ? በሁዳዴ ወርዷል፤ በፍልሰታም ወርዷል!

"እማማ፣ በጾም ምንድን ነው የሚበሉት?"

"ምን ይበላል ብለሽ ነው ልጄ? የጓሮዬን ጎመን ነዋ! በየቀኑ ጎመን።"

"በፍስክስ?"

"በፍስክማ ጎመን ማን ያያል!" ብለው ሳቁብኝ።

ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህሁ። ነርሱ እንየው በሽተኛ የወደቀ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ።

"ጎመኑ ነው፣ እንየው! ጎመን የዋርፋሪንን ጉልበት ያደክማል። በጾም መድኃኒት እንጨምራለን፤ ጾም ሲፈታ ጎመኑ ይቀርና የጨመርነው ያደማቸዋል!"

ይህንን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በሽተኞቼን ግን ምን እንደሚበሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አፈርሁ፤ ደስታዬ ግን ከእፍረቴ በለጠ።

መጠኑን አልነካሁትም። "በቀን አንድ ጭልፋ ጎመን ይበሉ። በጾምም በፍስክም ያው አንድ ጭልፋ፤ አይብዛ፣ አይቅርም" ብዬ ቀጠሮ ሰጠኋቸው።

እስኪመለሱ ጭንቅ ያዘኝ። ተሳስቼ ከሆነ ወይ ደማቸው ይረጋል፣ ወይ እንደ አምናው ይደማሉ። እንየው ደግሞ "ስለ ጎመን እንዲህ የሚጨነቅ ሐኪም አላየሁም" እያለ ያላግጥብኛል።

ከዳግም ትንሣኤ ማግስት መጡ። ሁለት ነጥብ አራት! እንየውን አቅፌ ዘለልሁ። ከዚያ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"እማማ፣ አምና ያደማሁዎ እኔ ነኝ። ምን እንደሚበሉ ሳልጠይቅ መድኃኒቱን ጨምሬብዎ ነው።"

"አምና ይኼን ጊዜ ደም ተሰክቶልኝ ተኝቼ ነበር" አሉ። "ዘንድሮ ልጆቼ በግ አርደው፣ ለእኔ ብቻ ከሥጋው ጋር ጎመን ሲቀርብ፣ 'እማዬ፣ ጾምሽን አልፈታሽም ወይ?' እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። እኔም አብሬያቸው ስስቅ ዋልሁ።"

ያን ጊዜ አለቀስሁ።