የነጩ ቋጥኝ መንግሥት ካርታ

እኔ በአንድ መጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት ስለቅም ነው የምውለው። ከፊት ለፊቴ ለአሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችው ካርታ ነዳፊያችን ናት። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ያንኑ እርሳስ ስትፈልግ ስለምትውል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «እርሳስ» ነው የሚላት። ለተማሪ መጻሕፍት የወንዝና የተራራ ካርታ ትሠራለች። ስሟ ግን አንድም መጽሐፍ ላይ ታትሞ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ወፍራም የወረቀት ክምር ይዘው መጡና ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አደረጉት።

«የደራሲው አዲሱ ልብ ወለድ ነው» አሉ። «በሌለ አገር ላይ የተጻፈ። ንግሥት አለች፣ ግንብ አለ፣ አስማት አለ፣ የጥንት ዘመን ጦርነት አለ። ካርታ ይፈልጋል። የሌለ አገር ስለሆነ የሚቆጣጠርሽ የለም፤ እንደ ልብሽ አሳምሪው።»

ደራሲውን የማያውቅ ሰው የለም። ድምፁ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ አልጻፍ ብሎት ሁለት ዓመት እንደሞላው ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊቱ ግን ማንም አያነሳውም።

እርሳስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይን የሚያፈዝ ካርታ ሠራች። በሰፊ በረሃ መሀል አንድ ነጭ ቋጥኝ፣ ቋጥኙ ላይ ሰባት ማማ ያለው ዋና ከተማ፣ በስተሰሜን እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ተራሮች። «እጅሽ ይባረክ!» አልኳት፤ ከልቤ ነው።

ቅዳሜ ለእናቷ ልታሳይ ስትሄድ እኔም መንገዴ ስለሆነ አብሬያት ገባሁ። እናቷ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። የሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው ሲያወሩ የሚጣሉ ይመስላሉ። መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው ካርታውን መዳሰስ ጀመሩ።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው የሚኖረው?»

«አዎ እማዬ። ሁለት መቶ ሺህ ሰው።»

«እርሻው የታለ?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው እማዬ።»

«ልብ ወለድ ቢሆንስ ሆድ የላቸውም? እህላቸውን የት ነው የሚያስፈጩት? እኔ ዘንድ ሰው በአህያ ጭኖ ሲመጣ ከግማሽ ቀን መንገድ በላይ የሚመጣ አልነበረም፤ መሽቶበት የት ሊያድር? ይሄ ከተማሽ ዙሪያውን አንዲት ጎጆ እንኳ የለውም። ልጄን! ሕዝቡን በረሃብ ፈጅተሽዋል!»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እርሳስ ግን አልሳቀችም። ካርታውን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ሰኞ ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ። ለካ ቤተ መጻሕፍት ገብታ በመካከለኛው ዘመን የኖሩ ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር እያነበበች ኖሯል። የነገሥታቱን የዘር ሐረግ እየዘለለች ገበያ ከገበያ ምን ያህል ይራራቅ እንደነበር፣ አንድን ከተማ ለመቀለብ ስንት መንደር ያስፈልግ እንደነበር፣ ምሽጎች ለምን የወንዝ መሻገሪያ ላይ እንደሚሠሩ ትለቅም ነበር። ስትመለስ አላስሠራ አለችኝ።

«ስማ እንጂ! አንዳንዶቹ ነገሥታት ከነአጀባቸው ከቦታ ቦታ ይዞሩ ነበር። ለምን መሰለህ? አንድ አውራጃ ዓመቱን ሙሉ ሊቀልባቸው አይችልማ!»

«ለእኛ ካርታ ይሄ ምን ያደርግልናል?» አልኳት።

«ሰይፉንና ካባውንማ ማንም ይስለዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከተማው ለምን እዚያ ቦታ እንደቆመ ነው።»

ስድስት ሳምንት አጎንብሳ ሠራች። በረሃውን አንስታ በቋጥኙ ሥር ወንዝ አሳለፈች። ሦስት መቶ መንደሮች በነጥብ በነጥብ ዘራች፤ የትኛውም መንደር ከገበያ ከግማሽ ቀን እግር መንገድ በላይ እንዳይርቅ እያንዳንዱን በኮምፓስ ለካችው። በወንዙ ዳር አሥራ አንድ የውኃ ወፍጮ ተከለች። የከተማው ሕዝብ ማገዶ ሲለቅም ስለኖረ በዙሪያው ያሉትን ኮረብቶች ሁሉ ራሰ በራ አደረገቻቸው።

ደራሲው ሐሙስ ዕለት መጣ። አራታችን በስብሰባው ክፍል፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ካርታው ተዘረጋ። ደራሲው ከዳር እስከ ዳር አየውና ፈነዳ።

«በረሃዬ የታለ? ወንዝ ማን አምጪልኝ አለሽ? የጠላት ጦር ከድንበር ተነስቶ በሦስት ቀን ነው ቋጥኙ ሥር የሚደርሰው። በዚህ ካርታ ስንት ቀን ሊፈጅበት ነው?»

«አሥራ ሁለት» አለች እርሳስ። «ስልሳ ሺህ ሰው ጋሪ እየጎተተ በሦስት ቀን አይደርስም። ለክቼዋለሁ።»

«አስማት ያለበት መጽሐፍ እኮ ነው!»

«ጠንቋይህ ራሱ ምዕራፍ አራት ላይ ራበኝ ብሎ ያለቅሳል።»

ያንን ገጽ ያረምኩት እኔ ስለሆንኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ኃላፊያችን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ደራሲው ግን ፊቱ ቀላ። «ንግሥቲቱ ስምንት መቶ ወታደር ብቻ ይዛ ቋጥኙ ላይ ተከባለች። እንዴት እንደምታሸንፍ ሳስብ ሁለት ዓመቴ! አንቺ ደግሞ ጭራሽ ለጠላት ውኃና እህል ደግሰሽ ትጠብቂዋለሽ!»

ሁለት ዓመት ያልተነሳውን ነገር ራሱ አነሳው። እርሳስ ብድግ አለች።

«ጠላት የሚመጣው መቼ ነው?»

«አዝመራ ሲሰበሰብ። ምዕራፍ ሃያ።»

«ጥሩ። እህሉን ይውሰደው። በምን ያስፈጨዋል?» እርሳሷን ከጸጉሯ መዝዛ ወፍጮዎቹን አንድ በአንድ ነካካች። «ጦሩ በሦስት ቀን ቢደርስ ንግሥቲቱ ምንም ማድረግ አትችልም ነበር። አሁን ግን አሥራ ሁለት ቀን አላት። መንደርተኛውን ከነልጆቹ፣ ከነእጅ ወፍጮው፣ መሸከም ከቻለው እህልና ማገዶ ጋር ቋጥኙ ላይ ታወጣዋለች። የአሥራ አንዱንም ወፍጮ ድንጋይ ታስነቅልና ግንቡ ውስጥ ታስገባዋለች።»

«ቀቅለው ይበሉታላ!»

«በምን እንጨት?» እርሳሷ ራሰ በራዎቹን ኮረብቶች ዞረቻቸው። «ማገዶ የሚገኘው አንድ ቀን ሙሉ ተሄዶ ነው። የስልሳ ሺህ ሰው ማገዶ በየቀኑ ማን ይሸከመዋል? ጎተራው ሙሉ ነው፤ ወታደሩ ግን ጥሬ እየቆረጠመ ነው የሚያድረው።»

ደራሲው ካርታውን ወደ ራሱ ጎተተና እንደ ሕፃን በክርኑ ተደገፈበት።

«በሃያኛው ቀን ሆዳቸው ይታመማል» አለ ለራሱ። «በአርባኛው አለቆቹ ይጣላሉ። ከዚያ ዝናቡ ሲመጣ...»

«ወንዙ ይሞላል። መሻገሪያው አንድ ድልድይ ብቻ ነው» አለች እርሳስ። «ከመሙላቱ በፊት ካልተመለሱ እዚያው ይቀራሉ።»

ደራሲው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አሸነፈች! አንድ ፍላጻ ሳታስወረውር አሸነፈች!»

የጩኸቱ ነገር አይወራም። ከጎን ክፍል ያሉት የገጽ አቀናባሪዎች ሰው ተጣላ ብለው ሊገላግሉ ሲሮጡ መጡ፤ ያገኙት ግን ደራሲው የእርሳስን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሲወዘውዝ፣ ኃላፊያችንም ቆመው ሲያጨበጭቡ ነው።

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ግማሹን ከመጻሕፍት። ግማሹን ከእናቴ።»

ሁለት ዓመት የቆመው ምዕራፍ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ላርም ተቀምጬ ሦስት ገጽ ሙሉ ሳላርም አለፍኩ፤ ለካ እያነበብኩ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ካርታው ተጣጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ገባ፤ በርዕሱ ገጽ ላይ፣ ከደራሲው ስም ቀጥሎ፣ የነዳፊዋ ሙሉ ስም ታተመ። ያንን መስመር ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አረምኩት።

መጽሐፉ በተመረቀ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደራሲው እርሳስን መድረክ ላይ ጠራትና ማይክሮፎኑን አስረከባት። እናቷ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው፣ በእሳቸው ቤት በሹክሹክታ፣ «የኔ ልጅ ናት!» ሲሉ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ጎልማሳ አንባቢ ማስመሪያ ይዞ ተነሳ። «ካርታውን ለክቼዋለሁ» አለ በኩራት። «ሁሉም መንደር ከገበያ ግማሽ ቀን ነው። በስተምሥራቅ ያለችው አንዲት መንደር ግን ሁለት ቀን ትርቃለች። ስህተት አይደለም?»

ስህተት ከሆነ ያለፈው በእኔ እጅ ነው።

እርሳስ ፈገግ አለች። «አይደለም። እነሱ ገበያ አይሄዱም፤ ሽፍቶች ናቸው።»

ሰውየው ራሱ ቀድሞ አጨበጨበ። ያን ቀን ሰው መጽሐፉን እያስፈረመ ከደራሲው ወደ እርሷ ሲሄድ፣ የእርሷ ሰልፍ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ።

በሳምንቱ ደራሲው ባዶ እጁን ቢሯችን ገባ።

«ሁለተኛውን መጽሐፍ ልጀምር ነው» አለ።

«ረቂቁ የታለ?» አሉ ኃላፊያችን።

«ምንም አልጻፍኩም። አስቀድማ አገሩን ትሥራልኝ። ደሴቶች ናቸው፤ ሕዝቡ መርከበኛ ነው።»

እርሳስ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግታ አራቱን ማዕዘን በፕላስተር ለጠፈች። «ነፋሱ ከየት በኩል ነው የሚነፍሰው?» አለችው።

ደራሲው አሰበ፤ ጣሪያውን አየ፤ እኔንም አየኝ።

«አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አለችና ወንበር ሳበችለት።