የንስሐ ቁርጥ ዋጋ

ጎጃም በረንዳ ማር ቸርቻሪ ነኝ፤ ስሜ ገብረ ማርያም። ለቁጣ የሚቀድመኝ የለም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እንደ እኔ የሚዘገይ ሰው አላውቅም።

አምና ባለ ሁለት ኪሎው የሚዛን ብረቴ ጠፋ። ያን ቀን ሱቄ ገብቶ የወጣው፣ ፊት ለፊቴ ማር የሚሸጠው ዘውገ ብቻ ነበር። መንገድ መሃል «በንጉሥ አምላክ ቁም» ብዬ አስቆምኩትና ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ሌባ አልኩት። ጋቢውን አራግፎ አሳየና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አብረን ከምንጠጣው የራጉኤል ማኅበርም ቀረ። እኔ ደግሞ እንኳን ቀረልኝ አልኩ፤ አልዋሽም።

ዘንድሮ መስከረም ሲያልቅ፣ አዲሱ ማር ሳይገባ ትልቁን ጋን ላጥብ ብዬ እጄን ብሰድ ብረቱ ከሥሩ ተገኘ። ለካስ ክዳኑ ላይ የጫንኩት እኔው ኖሬያለሁ፤ ክዳኑን ስከፍት ወድቆ ማር ውስጥ ሰምጦ ከርሟል። በር ላይ ቁጭ ብዬ አጠብኩት፣ ሚዛኑ ላይ መለስኩትና ዝም አልኩ። ዝምታው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሳምንታት ታግዬ ራጉኤል ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«የሰደብከው ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም ሰው ፊት ጠይቀው» አሉኝ።

መርካቶ የኖረ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ አይቀበልም።

«አባ፣ መቶ ስግደት ልስገድ።»

«ስገድ። ከዚያ ዘውገ ጋ ሂድ።»

«ሁለት መቶ። ጽጌንም ልጹም።»

«ጹም። ከዚያ ሂድ።»

«የዓመት ጧፍ…»

«ገብረ ማርያም፣ የበደልከው እኔን ነው እንዴ?» አሉና መስቀል አሳልመው ሸኙኝ። እንዲህ ያለ ዋጋ የማይቀንስ ሰው ገበያው ውስጥም አላጋጠመኝ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ መንገዱ በጋሪና በተሸካሚ ሲጨናነቅ፣ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተሻገርኩ። የዘውገ ጎረቤት፣ ጨርቅ ነጋዴው ሙህዲን፣ አቡጀዲ መለካቱን አቆመ።

«ዘውገ፣ ሌባ ያልኩህ በሐሰት ነው። ብረቱ ከገዛ ጋኔ ተገኘ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ዘውገ ለአንዲት ሴት ማር እየመዘነ ነበር። ሳይቸኩል መዝኖ፣ አሽጎ፣ መርቆ ሸኛት። ድንጋዩ ትከሻዬን ቆረጠኝ። እንቢ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«አውርደው» አለኝ በመጨረሻ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ብረቱ ከተገኘ እኮ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ በርህ ላይ ቁጭ ብለህ ስታጥበው አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«ብናገር ገብረ ማርያም ተያዘ ይባል ነበር። አንተው ብትመጣ ይሻላል ብዬ ነው።»

እዚያው ገበያው መሃል እንባዬ መጣ። እኔ ጋቢውን እስኪያራግፍ እንኳ ያልታገስኩት ሰው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን ሲጠብቅ ነበር።