የግራፊክስ ካርዱ መርዶ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መርዶውን እንድናገር የምጠራው እኔ ነኝ። ወድጄ አይደለም። የዕድሩ ዳኛ ስለሆንኩ ነው። ጎረቤቴ ተዋበች ግን «አፍህን ሳትከፍት ፊትህ ስለሚያረዳ ነው» ትለኛለች። መርዶ ሥርዓት አለው። ባለ ሐዘኑ ማታ እህል መቅመሱ ይጣራል። ጎህ ሲቀድ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ከቄስ ጋር ሆነን ደጁ ላይ እንቆማለን። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። በዚህ ሥርዓት ሰቆጣ ውስጥ ስንቱን አርድቻለሁ። ለኮምፒውተር ዕቃ መርዶ እናገራለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የእማዋይሽ ልጆች ነገር ነው። እማዋይሽ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ኤደንና ምስክር። ትልቋ ኤደን ወንድሟን ላስተምር ብላ ሳዑዲ ሄዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ምስክር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረ፣ ተመረቀ፣ ሥራ አጥቶ እናቱ ቤት ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ በዋግ ምድር አዲስ ነገር የለም። አዲሱ ነገር የመጣው በኤደን ስልክ ነው። የአሠሪዎቿ ልጅ አንድ ክፍል ሙሉ የግራፊክስ ካርድ ደርድሮ፣ ቀን ከሌት እያስጮኸ፣ ክሪፕቶ የሚባል በእጅ የማይጨበጥ ገንዘብ እንደ ማዕድን ያወጣ ነበር። አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። አንድ ቀን ለወንድሟ ደውላ «ይሄ የሚጮኸው ነገር ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለከፈ።

እኔ ወፍጮ ቤት አለኝ። ጦርነቱ መብራቱንም ኔትወርኩንም ይዞብን ከሄደ በኋላ በከተማው ጀነሬተር ከቀረላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ምስክር ላፕቶፑን በሶላር እየሞላ ቤቱ ተቀምጦ ይጽፋል። የጻፈውን ለመሞከር ሲፈልግ ካርዱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ካርዱን የላከችው ኤደን ናት፤ ከሳዑዲ በተመለሰች ልጅ ሻንጣ ውስጥ። ላፕቶፑም የእሷ ነው፣ ሶላሩም የእሷ ነው፣ እኔ የምቀበለው የናፍጣ ዋጋም የእሷ ነው። ባንክ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እንኳ በሰው በሰው ትልክለት ነበር።

«ቆይ፣ አሁን አንተ እዚህ ወፍጮ ቤት ገንዘብ እያወጣህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ማሽላ እየተፈጨ።

«አይ አያ ንጋቱ! በአንድ ካርድ ምን ይወጣል? እኔ የምሠራው ካርዱን የሚያዘውን ሶፍትዌር ነው። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ሰው ካርዱን እያሠራ በስሌት ይሽቀዳደማል፤ የቀደመው የክሪፕቶውን ሳንቲም ይወስዳል። የእኔ ሶፍትዌር አሮጌውን ካርድ ብዙ መብራት ሳይበላ ያፈጥነዋል።»

«አንተንስ ማን ይከፍልሃል?»

«የሚጠቀምበት ሁሉ። ካርዱ ከሚሠራበት ከመቶ ደቂቃ አንዷን ለእኔ ይሠራል።»

ቄስ ወልደ ጻድቅ እህል ሊያስፈጩ መጥተው ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል። «አሥራት መሆኑ ነው?» አሉ።

«አሥራትማ ከዐሥር አንድ ነው አባ። ይቺ ከመቶ አንድ ናት።»

«አዬ ልጄ፣ የእግዜርን የከለከለ ሰው የአንተን ይሰጥሃል?» ብለው ሣቁ። እኔ ግን ያን ቀን ገባኝ። ወፍጮው የሌላ ሰው ነው፣ እህሉም የሌላ ሰው ነው፤ ምስክር ድንጋዩን የሚወቅረው ነው። ጥሩ ወቃሪ ደግሞ በልቶ ያድራል። ይሄን ስነግረው ደስ ብሎት በዱቄት የነጣ ራሱን ነቀነቀ።

ልፋቱ ሁሉ ለአንድ ነገር ነበር። «ሶፍትዌሩ ካለቀ ኤደን ትመጣለች» ይላል። «ውሏ ታኅሣሥ ላይ ያበቃል፣ አታድስም፣ ትመጣለች።» ይህን ሳይል የሄደበት ቀን አልነበረም። እናቱ እማዋይሽ በዚያ በጨለማው ክረምት መድኃኒት ጠፍቶ ስትሞትበት እንኳ፣ ከአርባዋ ማግሥት ካርዱን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። እኔ ተቆጣሁት። «እህቴ እናቷን አልቀበረችም፤ ቢያንስ ቤቷን ታግኘው» አለኝና ሶኬቱን ሰካ። ጀነሬተሩን አስነሣሁለት።

ኅዳር ላይ መንገዱ ሲከፈት ናፍጣ ልገዛ ወልዲያ ወረድኩ። እዚያ ስልክ ይሠራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውጭ ያለ ልጁን ቁጥርና መልእክት አሸክሞኛል፤ የምስክር መልእክት ከሁሉም አጭር ነበረች። «አልቋል በሏት። ሰቆጣ ኔትወርክ የመጣ ዕለት እለቀዋለሁ። ውሉን እንዳታድስ።»

ማደያው አጠገብ ቆሜ ደወልኩላት። ሰላምታውን ጨርሰን መልእክቱን እንዳለ አደረስኩላት። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ኤደን! ሃሎ!» ስል «አያ ንጋቱ፣ ከማን ጋር ነዎት?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«እስቲ ይቀመጡ።»

እኔን! ስንቱን ሰው ተቀመጥ ብዬ ያረዳሁትን ሰውዬ! የናፍጣ ጀሪካኔ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ነገረችኝ። በካርድ ከሚወጡት ሳንቲሞች ትልቁ፣ ምስክር የለፋለት እሱ፣ መስከረም ላይ አሠራሩን ቀይሮ ካርድ የሚባል ነገር አልፈልግም ብሏል። በአንድ ቀን ነው ያለቀው። የአሠሪዎቿ ልጅ ካርዶቹን በሙሉ በርካሽ ሸጠ።

«ሌላ ሳንቲም የለም ወይ?»

«አለ። ግን ሥራ የፈታው ካርድ ሁሉ ወደዚያ ስለጎረፈ የመብራቱንም ወጪ አይመልስም አለኝ ልጁ። እኔ ነኝ ካርዶቹን በካርቶን ያሸግኩለት። እያሸግኩ ነው የጠየቅኩት።»

«ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ ለምን አላክሽበትም? ልጁ እኮ እየለፋ ነው!»

«በምን ልላክበት? በመንገደኛ? አያ ንጋቱ፣ እኔ የእማዬን ሞት እንዴት እንደሰማሁ ያውቃሉ?» አላውቅም ነበር። «የአገራችን የጽጽቃ ልጅ ናት፣ እዚሁ ሳዑዲ የምትሠራ። የሰማሁ መስሏት ልታጽናናኝ ደወለች። ነፍስ ይማር አለችኝ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር። የቤቱ እንግዶች ሊመጡ ነበርና ተኩሼ ጨረስኩ።»

«ምስክርን ብቻውን እንዳይነግሩት» አለች። «በሥርዓቱ ይንገሩት። ማለዳ፣ ከአባ ጋር፣ እትዬ ተዋበችም ትኑር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ውሉን ለሁለት ዓመት እንዳደስኩ ይንገሩት። ሌላ ሥራ እስኪይዝ ያለ እኔ ማን አለው?»

ሰቆጣ እስክደርስ ያ መንገድ እንዴት እንደረዘመብኝ አልነግራችሁም። ቄስ ወልደ ጻድቅን ሳማክራቸው «ለማሽን መርዶ? የትኛው ሥርዓት ላይ ነው ያለው?» ብለው ሊቆጡ ጀምረው ነበር። የልብስ ተኩሱን ነገር ስነግራቸው ግን መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ማለዳ እመጣለሁ» አሉ። ለምስክር ኤደንን በስልክ አላገኘኋትም ብዬ ዋሸሁት። ተዋበች ማታ ሽሮ ይዛለት ሄዳ፣ እየጎረሰ እያየችው፣ በልቶ እስኪጨርስ ፊቱ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምስክር በሩን ሲከፍት ነው ተዋበችን ያየኋት። ሴትዮዋ እጇ ለምዶባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች! በሆዴ ረገምኳት። ልጁ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ቄሱን፤ ከዚያ ነጠላውን።

«ኤደን!» ብሎ ጮኸ። «ኤደኔ! እህቴ! ወይኔ እህቴ!»

መሬት ላይ ወደቀ። ደረቱን ይደቃል። «አለች፣ ደኅና ናት!» እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። እናንተ የመርዶ ሰዎች እንደዚህ እያላችሁ ነው የምትጀምሩት ብሎ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ስንቱን «ትንሽ አሟት ነው» ብዬ ጀምሬያለሁ። ተዋበች ነጠላዋን አውልቃ ጣለች፣ በእናት ቋንቋዋ በኽምጣኛ ራሷን እየተሳደበች እጁን ያዘችው። በመጨረሻ ቄስ ወልደ ጻድቅ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አስደግፈው «በዚህ መስቀል እምልልሃለሁ፣ እህትህ በሕይወት አለች» አሉ። ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ነው ዝም ያለ።

«ታዲያ ማን ሞተ?»

እኔ ነገርኩት። ሳንቲሙን፣ መስከረምን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም። እንደ ሰው ሞት አስተካክዬ ነገርኩት፤ ሌላ መንገድ አላውቅበትም። ምስክር አፉን ከፍቶ ሰማኝና ሣቀ።

«ይሄ ነው? በቃ ይሄ ነው?» ብሎ የተዋበችን ጉልበት ሳመ፣ የቄሱን እጅ ሳመ፣ እኔን አንገቴን አንቆ ያዘኝ። እንባው ገና አልደረቀም። «ገደል ይግባ! ካርዱም ይግባ! እኔ እኮ እህቴ የሞተች መስሎኝ! ይሙት፣ ሁሉም ይሙት!» ተዋበችም መሣቅ ጀመረች። ቄሱም ፈገግ አሉ። ገብተን መደቡ ላይ ተቀመጥን፤ ካርዱ ጥግ ላይ በፎጣው እንደተጠቀለለ ነበር።

«አያ ንጋቱ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው» አለኝ። «እንግዲህ የምጠብቀው ነገር የለም ማለት ነው። ታኅሣሥ ላይ ትምጣ። የሆነውን እንሆናለን። እኔ እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ገጠርም ሄጄ ቢሆን አስተምራለሁ። ትምጣ ብቻ።»

ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ ስናገር እንደዚያች ደቂቃ አፌ ከብዶኝ አያውቅም። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ልተወው አሰብኩ። ግን ኔትወርክ የመጣ ዕለት ብቻውን ሆኖ ይሰማዋል፣ በስልክ። ብቻውን እንዳይሰማ አልነበረም የለመነችኝ?

«ምስክር» አልኩት፣ «ውሉን አድሳለች። ሁለት ዓመት ፈርማለች። ለአንተ ብላ ነው።»

አልጮኸም። ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። የጠፋውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው መሬቱን ሲያይ ቆየ።

«ሳንቲሙ መሞቱን ለእሷ ማን ነገራት?» አለኝ በኋላ።

«ካርዶቹን እያሸገች ነው የሰማችው።»

«አብሯት ማን ነበር?»

«ከአሠሪዎቿ ልጅ በቀር ማንም አልነበረም።»

«እማዬንስ ስትሰማ?»

ነገርኩት። ልብስ እየተኮሰች እንደነበረ፣ እንግዳ ሊመጣ ስለነበረ ተኩሳ እንደጨረሰች ነገርኩት። ይሄን እንድነግረው አላዘዘችኝም፤ ግን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

በዚህ መሀል ውጭ ልቅሶ ተሰማ። ማለዳ የጮኸውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን አስረው፣ «ኤደንዬ! የሰው አገር የቀረሽው!» እያሉ በአጥሩ በር እየገቡ ነበር። ተዋበች እንደ እብድ ዘላ ተነሣች። «ኧረ ሟርት ነው! ልጅቷ አለች! መልሷቸው!» እያለች ወደ በሩ ሮጠች። ምስክር ቀሚሷን ያዛት።

«ይተዉአቸው እትዬ ተዋበች።»

«በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም ልጄ» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። ድምፃቸው ግን ጠንከር ያለ አልነበረም።

«አውቃለሁ አባ። እማዬ ስትሞት ለኤደን መጥቶ ያለቀሰላት አንድ ሰው የለም። ይተዉአቸው፣ ያልቅሱላት።»

ሴቶቹ ገቡ። ማንም አልመለሳቸውም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አቀረቀሩ፤ እኔም ጋቢዬን አዘቅዝቄ ምስክር አጠገብ ተቀመጥኩ።