ለክለብ ቀን ብቻ የምትወጣ መኪና

ነገሩ ለወይንሸት መሽተት የጀመረው ልጇ አምሐ ቤተ ክርስቲያን አላደርስሽም ያላት ዕለት ነው።

መኪናዋ እኮ እዚያው ኦክላንድ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሼቭሮሌ ናት። አምሐ ሳን ሆዜ ከሚሠራበት ጋራዥ እየጎተተ አምጥቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገጣጥማት ከርሟል። የራሷን ሞተር አውጥቶ የሌላ መኪና ሞተር ከተተባት፤ ከፍታዋንም ዝቅ አደረገና ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ምኑ ነው የማይቻለው?" አለችው ነጠላዋን እያጣፋች።

"ማሚ፣ የማወጣላት ታርጋ ሂስቶሪካል ነው፤ የአሮጌ መኪና። ለክለብ ቀንና ለሾው ብቻ ነው የምትነዳው። ቸርች ኖ። ሩል ነው።"

"እናትን ቤተ ክርስቲያን ማድረስ የሚከለክል መንግሥት የት አገር ነው ያለው?"

"ካሊፎርኒያ!" ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። አምሐ ሥራ የሚመላለስባት አሮጌ ዳትሰንም ያን ዕለት ጋራዥ ስለነበረች በአውቶቡስ ሄደች። አካሏ ቅዳሴ ቆሞ ልቧ የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ሲበረብር ዋለ። ምን ቢጭንባት ነው እናቱ እንዳትገባ የፈለገው?

ስትመለስ የታች ቤት ጎረቤቷን ሉቺያን አገኘቻት። ሉቺያ የአስመራ ልጅ ናት፤ ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ግን አዲስ አበባ ነው።

"ክለብ ነው ያልሽኝ? ሰብሳቢ አለው?"

"አለው። ጸሐፊም አለው። ስም ይመዘግባሉ፣ በየወሩ ይሰበሰባሉ።"

"በይ እንግዲህ! የቀበሌውን የውይይት ክበብ ረሳሽው?"

"እንዴት እረሳዋለሁ፣ ሉቺያ።"

"ሞተሩስ የማን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ! የሌላ መኪና ነው ይለኛል።"

"የሌላ!" አለች ሉቺያ፣ ደረቷን በመዳፏ መታ አድርጋ። 

ወይንሸት አልረሳችም። ያኔ አገር ቤት ታናሽ ወንድሟ ስሙን ክበቡ ውስጥ አስመዘገበ፤ ከዚያ አንድ ቀን ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰውዬ ደብተር በብብቱ ይዞ በሩን አንኳኳ። እናታቸው እንግዳ መስሏቸው "ቤት አለ፣ ግባ የኔ ልጅ" አሉ። ወንድሟ በዚያው ወጣ፤ አልተመለሰም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ፣ ከፍታም አንድ ጢማም ሰውዬ ደብተር በብብቱ፣ የእጅ ባትሪ በእጁ ይዞ ስታይ፣ ምን እንደምትል ቀድማ አውቃለች። ሰውዬው ባርኔጣውን በትሕትና ነካ አደረገና የአምሐን ስም ጠራ።

"ኖ አምሐ" አለችው። "ኖ ሰን። ኖ ካር።"

መኪናዋ ከጀርባው ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሰውዬው መኪናዋን አየ፣ ወይንሸትን አየ፣ ደብተሩ ላይ ጫር ጫር አድርጎ ሄደ። በሩን ቆለፈችና ልጄን አተረፍኩ ብላ ተጽናናች።

ማታ አምሐ ከሥራ ሲገባ ስልክ ተደወለ። ዘግቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማሚ፣ ሩበንን ምን አልሽው?"

"ማነው ሩበን?"

"የክለቡ ሰው! ሞተሩን ስለቀየርኩ መጥቶ ቼክ ያደርጋል፤ መኪናዋ የኔ መሆኗን ለክለቡ ይመሰክርልኛል። ከዚያ የክለቡን ደብዳቤ ይዤ ዲኤምቪ፣ ታርጋ የሚሰጡት ጋ፣ እሄዳለሁ። አሁን 'እዚያ ቤት አምሐ የሚባል የለም ተባልኩ፣ መኪናዋን ከየት አመጣሃት?' አለኝ። ሌባ ነው ያሉኝ፣ ማሚ! ክለቡ ካስወጣኝ ታርጋ የለም፤ ሁለት ዓመት የለፋሁባት ሸራዋን እንደለበሰች ትቀራለች።"

"ቆይ፣ ሰውዬው ዋስህ ነው?"

"ዋስ፣ የስ! እንደዚያ በይው።"

"ዋስህ መሆኑን ቀድመህ አትነግረኝም ታዲያ!"

ዋስ የሆነን ሰው ከደጃፍ መመለስ! ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴውን ትታ፣ ከልጇ ጋር በአሮጌዋ ዳትሰን ክለቡ ወደሚሰበሰብበት ሳን ሆዜ ወረደች። ሩበን እጁን አጣምሮ ጠበቃቸው።

"አምሐ ማይ ሰን" አለችው። "ካር፣ ማይ ሰን ካር። አይ ላይ።" ዋሸሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "አጎትህን የወሰደውም ሰውዬ እንደሱ ደብተር ይዞ፣ እንደሱ በትሕትና ነው ያንኳኳው በለው።"

አምሐ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ቀስ እያለ ተረጎመው። ሩበን ባርኔጣውን አወለቀ። ቅዳሜ እንደገና እመጣለሁ አለ።

መጣም። ሞተሩን በባትሪ አየ፣ መሬት ተኝቶ ሥሯን አጮለቀ፣ ተነሥቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሊፈርም ብዕሩን ሲያወጣ ወይንሸት መሐል ገባች።

"የኋላውም ይከፈት።"

"ማሚ! ኋላውን ማንም አይጠይቅም!"

"ምነው ደነገጥክ? ክፈተው!"

ተከፈተ። መለዋወጫ ጎማ አለ፤ ክሪክ አለ፤ ከጎማው ሥር ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ የምትፈልገው ጋቢዋ ግሪስ ጠጥቶ ተወሽቋል።

"አንተ ሌባ!"

"ለፖሊሽ ጥሩ ነው ብዬ... ሶሪ፣ ማሚ።"

ሩበን ነገሩ ሲተረጎምለት መኪናዋን ተደግፎ ሳቀ፤ እየሳቀም ፈረመ።

ታርጋው በወጣ በመጀመሪያው የክለብ ቀን ወደ ኮንኮርድ ከተማ ሾው ሲሄዱ ወይንሸት ከፊት ተቀመጠች። የተፈቀደ ቀን ነው። ጥቂት እንደሄዱ በጎን መስተዋቱ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አምሐ፣ ዞር እንዳትል። ያ ሰማያዊው መኪና ከቤት ጀምሮ እየተከተለን ነው።"

"ሩበን ነው፣ ማሚ። ከኋላው ያሉትም ክለቡ ናቸው።"

"ይሁኑ። አንተ መንገድህን እይ፤ ኋላውን እኔ አያለሁ።"