ሽፋን፦ መቶ በመቶ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በአሮጌው የድንጋይ ማውጫ አንድ ሣር መብቀሉ በይፋ ተበሠረ።

አብሣሪው የክትትል ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ሰባት ሆነው ሄደው የእንጨት ፍሬማቸውን ወረወሩና በወደቀበት አንድ ሜትር ካሬ ውስጥ ተንበርክከው ቆጠሩ። አንድ። ሰብሳቢው በደስታ ብድግ ሲል አንዱ ዜሮ ሆነ፤ ጫማው ሥር ገብቶ ነበር።

ቃለ ጉባኤው «ሣሩ ታይቶ ተሰውሯል፤ መንስኤው የክትትል ማነስ ነው» አለ። ክትትሉ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ።

ማውጫውን ሣር ለማልበስ የዘራው ሰው ተናደደ። ያንን ዘር ሦስት ዓመት ሙሉ ከየመንገዱ ዳር በእጁ ለቅሞ ነው ያጠራቀመው፤ የአገር በቀል ሣር ዘር የሚሸጥ ሱቅ የለም። አሁን ጆንያው ባዶ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ መሬቱ ስልሳ በመቶ ካልለበሰ ደግሞ አስፋልት ፈሶበት የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ኮሚቴው ያልደረሰበት ዳር ዳሩ ለምልሟል፤ መሃሉ እንደ ራሰ በራ ያበራል።

«አጎቴ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ያሉኝን ነው የምጽፈው» አለችው የእህቱ ልጅ።

«አንቺማ ምን አጠፋሽ! እግርሽ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነው። የሰብሳቢሽን እግር ነው የፈራሁት።»

አንድ ቀን ዶፍ ወረደ። ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩሎ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ዘሪው ፍሬሙን ተሸክሞ ገባ።

«ጌታዬ፣ መመሪያው ምን ይላል?»

«‹ፍሬሙ በወደቀበት ይቆጠር› ይላል።»

«ውጭ ይውደቅ ይላል?»

ሰብሳቢው መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። አይልም። ጫማው ደግሞ አዲስ ነበር።

«ወርውረው!»

ፍሬሙ የአዳራሹ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ጧ አለ። ሰባቱም ተንበረከኩ።

«ሽፋን?» አለች ጸሐፊዋ።

«መቶ በመቶ!»

«እዚህ ጋ ሲጋራ ያቃጠላት አለች» አለ አንዱ።

«አንተ ደግሞ! ለእሷ ብለን እንዳንጣላ» አለ ሰብሳቢው፤ «ጸሐፊ፣ መቶ በይው።»

ሁለት ወር ሙሉ ኮሚቴው ከምንጣፉ አልወረደም። ውጭ ያለው ሣር፣ የሚከታተለው አጥቶ፣ ጉልበት ደረሰ። የመኪና ማቆሚያው ዕቅድ በሪፖርቱ መነሻነት ተሰረዘ።

የበላይ ኃላፊው ግን ሪፖርት አንባቢ ሰው ኖሮ፣ አርባ እንግዳ አስከትሎ መጣ። ዘሪው የአጥሩን በር ቆልፎ ፊቱ ቆሟል። ሣሩ ፍሬ ይዟል፤ ረግፎ መሬት እስኪገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«ክፈት እንጂ፣ ሰውዬ!»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

«ቆይ፣ ይሄ ሣር ጉልበቴን ያልፋል። ሪፖርቱ ላይ ስምንት ሳምንት ሙሉ ቁመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሰብሳቢው ደመናውን መመርመር ጀመረ። ሪፖርቱን የጻፈችው የዘሪው እህት ልጅ እጅጌውን ሳብ አደረገች።

«አጎቴ፣ በናትህ አንድ ነገር በላቸው።»

«እኮ አስረዳኛ!» አለ ኃላፊው።

«አላስረዳም» አለ ዘሪው።