አባ መንገድ ላይ ናቸው

ተማሪዎቹ ያሙት ነበር፤ ያውም በፍቅር። «ፕሮፌሰሩ ገነት በር ላይ ሲደርስ ቅዱስ ጴጥሮስን፣ ቁልፉን ማን እንደ ሰጠህ ማስረጃ አምጣ ይለዋል» እያሉ። ቀልዱ ጆሮው ሲደርስ ስቆ «እሱስ ምስክር አያጣም» አለ። ቅዳሴ ሳያስቀድስ ክፍል የማይገባ ካቶሊክ ነበር፤ ታሪክ ሲያስተምር ግን ለጳጳስም ለንጉሥም አያዳላም። «አንድ ምስክር ምስክር አይደለም» ይላል። «ሁለት ምስክሮች ቃል በቃል ከተስማሙ ደግሞ ተመካክረዋል ማለት ነው።» ጥርጣሬውን ለሥራው፣ እምነቱን ለነፍሱ ከፋፍሎ፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ ሳይገባ ኖረ።

በስተርጅናው መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ ያስተማረበትን ሕንፃ፣ አንዳንዴም የገዛ ልጁን ስም። ይሁን፣ እርጅና ነው፤ ሚስቱ ይህን ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነው። አንድ ማለዳ ከአልጋው ቀና ብሎ «ንስሐ ሳልገባ ልሞት ነው» አለ። ዓይኑ ፈጥጧል።

የአጥቢያቸው ካቶሊክ ቁምስና ቄስ ተጠሩ። አባ በሩን ዘግተው አናዘዙት፤ እሷ ወጥ ቤት ቆየች። ሲወጣ ፊቱ በርቶ፣ ዳቦውን በማርማላታ ጥርግ አድርጎ በላ። እሰይ አለች። ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና «ኧረ ቄስ ጥሪልኝ፤ ንስሐ ሳልገባ ልሞት ነው» አለ።

«ገብተሃል እኮ! ጠዋት አባ መጥተው ነበር።»

«ማን አየ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንድ ምስክር» አለና አንገቱን ነቀነቀ።

ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው መጥታ መሰከረች። ሁለቱን አፈራርቆ አየና «ተመካክራችኋል» አለ። እናትና ልጅ ወጥ ቤት ገብተው ሳቁ፤ ሳቁ፤ ልጅቷ መሳቋን ሳታቆም ማልቀስ ጀመረች። አባ ቅር እያላቸው መናዘዙን የሚመሰክር ወረቀት በቁምስናው ማኅተም ጻፉለት። ማጉያ መነጽሩን አስመጣ። «ማኅተሙ ተንጋዷል። ደሞስ ቄስ ስለ ንስሐ ጽፎ ይሰጣል እንዴ? የማይመስል ነገር!» ወይ ጉድ! የልጁን ስም የረሳ ሰው ሙያውን አልረሳም። በመጨረሻ ልጅቷ አባ እላዩ ላይ ሲያማትቡ በስልኳ ቀርፃ አሳየችው። ራሱን ትኩር ብሎ አየው። «ይሄ ሽማግሌ ያሳዝናል» አለ። «እሱስ ተናዟል፤ እኔስ?»

ሚስቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ስንቷን ምጥ የያዛትን ሴት ያገላገለች፣ ባሏን ከአንድ ፍርሃት ማገላገል አቃታት። አባን አማከረች።

«እግዚአብሔር አይረሳም፣ ልጄ። የረሳው እሱ ነው። ነፍሱ ንጹሕ ናት።»

«ነፍሱስ እሺ አባ፤ ፍርሃቱን ምን ላድርገው?»

አባ በየቀኑ እንዳይመጡ ቁምስናው ሰፊ ነው፤ ጉልበታቸውም እሺ አይልም።

ታዲያ አንድ ቀን ሲለምናት ውሎ ምርር ሲላት፣ አፏ እንዳመጣለት «አባ እየመጡ ናቸው፤ መንገድ ላይ ናቸው» አለችው። የሸሚዙን አንገት ቆለፈ፣ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ መጠበቁንም ረሳው። ከዚያ ወዲህ ይህች ውሸት መድኃኒቷ ሆነች። ውሸቷን ራሷ ተናዘዘች። አባ ከፈቷት በኋላ «ነገስ ምን ልትይው ነው?» አሏት። «ያንኑ» አለች። አባ በረጅሙ ተነፈሱ እንጂ አልተቆጡም።

የፈሩት ይደርሳል፤ ሳንባው ታመመ። ሐኪሙ ቤቱ ይሁን፣ ከእንግዲህ አታንገላቱት አለ። አንድ ቀን ጠዋት አባ መጥተው አናዘዙት፣ የሕሙማን ቅባት ቀቡት፣ አቆረቡት። «አሜን» ሲል ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ግንባሩ ተፈታ። ሚስቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ በልቧ፣ ጌታዬ አሁን ውሰደው፣ ሳይረሳ አሁኑኑ ውሰደው አለች። ወዲያው በራሷ ጸሎት ደነገጠች። ባሏን ግደለው ብላ መለመኗ እኮ ነው!

ጌታ አልቸኮለም። አባ ቀብር ነበረባቸውና ሄዱ። ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ዓይኑን ገለጠ፤ እጇን አጥብቆ ያዘ።

«ቄስ...»

«መንገድ ላይ ናቸው፣ የኔ ጌታ።»

«እስቲ እዪልኝ።»

«ይመጣሉ። እዚሁ ካንተ ጋር ልሁን።»

«እዪልኝ!» አለ፤ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። «ቤቱን ስተው እንዳያልፉ።»

ከዚህ በፊት እዪልኝ ብሏት አያውቅም፤ መጠበቁን ይረሳ ነበራ። አሁን ግን አልረሳም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀችና ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች አንድ ሰውዬ የመኪና ጎማ ይቀይራል፤ ፊት ለፊት ባለው ሰገነት ላይ ሴትዮዋ አንሶላ ታሰጣለች። ማንም እንደማይመጣ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ዓይኗ ማዕዘኑ ላይ ቄስ ፈለገ። ምናልባት ቀብሩ ቶሎ አልቆ ከሆነ፣ ምናልባት አንድ ነገር ረስተው ሄደው ከሆነ... የገዛ ውሸቷን አምና ቆማ ጠበቀች።

ከኋላዋ ትንፋሹ ሲረዝም ሰማች። የአዋላጅ ጆሮ ትንፋሽ አይስትም። «መጡ!» ብላ ጮኸች፤ «መጡልህ፣ ደረጃውን እየወጡ ናቸው!» ዞረች። አንገቱ ወደ በሩ ዞሯል፤ እጇን ያላቀቀችበት እጅ እንደ ተከፈተ አንሶላው ላይ ቀርቷል። አልሰማትም።

ማታ ሳሎኑ በሰው ሞላ። አባ አጠገቧ ተቀምጠው «ምን እንዲህ ያስለቅስሻል?» አሏት። «ተናዞ፣ ተቀብቶ፣ ቆርቦ ነው የሄደው። እንደሱ የታደለ ማን አለ?» ለቀስተኛው ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ አላወቀማ፣ አባ» አለች። «እርስዎን ሲጠብቅ ነው የሞተው። ያስጠበቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እጁን ለቅቄ።»