መጥፋት የነበረበት ብርሃን

ብርሃኑ አልጠፋም። ቶይባ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ነቅላ መነጽሯን ወለወለችና እንደገና አጎነበሰች። በየሴሉ ውስጥ፣ በኒውክለሱ ሽፋን ዙሪያ፣ አረንጓዴው ቀለበት ቦግ ብሎ ይታያል።

አረንጓዴ የሚያበራው አንቲቦዲ ፈልጎ የሚጣበቀው አንድ ፕሮቲን ላይ ብቻ ነው ተብሎ ነበር የተገዛው። ያንኑ ፕሮቲን፣ በላቦራቶሪ የተሠራውን ንጹሑን፣ አስቀድመው አንቲቦዲውን ቢያጠግቡት ሴሉ ላይ መጣበቅ አይችልም፤ ሁሉም ይጨልማል። ጠግቦም ካበራ ግን ሲይዝ የኖረው ሌላ ነገር ነው።

ባልደረባዋ ለገሰ ምናልባት ፕሮቲኑን መንገድ ላይ ሙቀት መትቶት ይሆናል አላት። በበረዶ ታሽጎ የመጣውን ሁለተኛውን ብልቃጥ ከፍተው ደገሙት። ያው ሆነ። ለገሰም ከዚያ በኋላ አላጽናናትም።

ወንድሟን አይመንን፣ ጡንቻውን አስልሎ ልቡን አቁሞ የገደለው የዚህ ፕሮቲን መጥፋት ነው። በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። ታናሽ እህታቸው ዓፊያ ስትታጭ የሙሽራው ሽማግሎች፣ የተማረችው እህቷ ቃል ሳትሰጥ የጋብቻው ፋቲሃ አይቀራም ብለው ተቀመጡ። ቀኑ ደረሰ፤ ማነጻጸሪያው ንጹሕ ፕሮቲን ግን ያኔ ገና አሶሳ አልደረሰም ነበር። ከዓፊያ ጉንጭ የተጠረገው ሴል በዚሁ አንቲቦዲ በሙሉ አበራ፤ ሳትታመም ለልጇ የምታወርስ ተሸካሚ ብትሆን ግማሹ በጨለመ ነበር። ቶይባ በሽማግሎቹ ፊት ከበሽታው ነጻ ናት አለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ዛሬ ዓፊያ ነጻ ትሁን አትሁን ቶይባ አታውቅም። ያኔም አታውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዓፊያ ከሐኪም ስትመለስ፣ ሆዷን አስቀድማ፣ ላቦራቶሪው ጎራ አለች። የበርታኛ ንግግሯ እንደ ወትሮው ይፈጥናል።

«ወንድ ነው አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አባቱም ጉባ ግድቡ ሥራ ላይ ሆኖ ሰምቷል። አይመን ልንለው ነው።»

ቶይባ ጓንቷን አወለቀች።

«ስሙን እፈራው ነበር» አለች ዓፊያ። «አንቺ ያን ቀን ባትናገሪ ኖሮ አልደፍረውም።»

የእህቷን እጅ ስባ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ልጁ ረገጠ፤ ኃይለኛ፣ የጤነኛ ልጅ እርግጫ። እናታቸው ከልጆቿ ሁሉ በእርግጫ ያስቸገራት አይመን እንደነበር ሁልጊዜ ታወራ ነበር።

«ተሰማሽ?»

ቶይባ ወንበር ሳበችላት።

«ዓፊያ» አለች፤ «ተቀመጪ።»